አዲስ መድኃኒት እንዴት ይገኛል? በፋርማሲ መስኮት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ ስውል በየቀኑ ከምሰማቸው ጥያቄዎች የተለቀሙ ናቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አዲስ መድኃኒት መጀመሪያ ከየት ነው የሚመጣው?

ከየትም። ከሻጋታ፣ ከአፈር፣ ከቅጠል፣ ከእንሽላሊት ምራቅ ጭምር። ፔኒሲሊንን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ያገኘው ላብራቶሪው ውስጥ ትቶት በሄደ ሳህን ላይ ከበቀለ ሻጋታ ነው። ጅማና ኢሉባቦር በኩል ለኦንኮ፣ ማለትም በወንዝ ዳር ዝንብ ለሚተላለፈው የቆዳና የዓይን በሽታ፣ በዘመቻ የሚታደለው አይቨርሜክቲን ደግሞ መነሻው ጃፓን ውስጥ ጎልፍ ሜዳ አጠገብ የተዘገነ አፈር ነው። ሳቶሺ ኦሙራ የሚባል ተመራማሪ አፈር እየዘገነ በላስቲክ መያዝ ልማዱ ነበር ይባላል። በ2005 ለስኳር ሕመም የተፈቀደው ኤክሰናታይድ የተባለው መርፌም የመጣው ጊላ የምትባል የአሜሪካ በረሃ መርዘኛ እንሽላሊት ምራቅ ውስጥ ካለ ንጥረ ነገር ነው። ስኳር ለያዛቸው ደንበኞቼ ይህን ስነግራቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

አሁን አሁን የተለመደው መንገድ ግን ከበሽታው መጀመር ነው። በሽታው ሰውነት ውስጥ የሚጠቀምበትን አንድ ፕሮቲን ይለያሉ። ፕሮቲኑን እንደ ጓጉንቸር አስቡት። ከዚያ በሺህና በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ውህዶችን በማሽን እየሞከሩ የትኛው ቁልፍ እንደሚገባ ያያሉ። አንዱ በግድም ቢሆን ከገባ ኬሚስቶቹ ልክ ፒያሳ ዳር እንደተቀመጡት ቁልፍ ቀራጮች ይዘውት ይሞርዱታል፣ እዚህ ጋ ይቀንሱለታል፣ እዚያ ጋ ይጨምሩለታል፣ በደንብ እስኪገጥም ድረስ።

ኮምፒውተር ይህን ሥራ በጣም አፍጥኖታል። በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጠውም የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒውተር ለሚተነብዩና አዲስ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ያፈጠነው ግን ቁልፍ መቅረጹን ነው። የሰው ጉበት መድኃኒቱን እስኪያስተናግድ፣ ታማሚው እስኪሻለው ወይም እስኪብስበት የሚጠበቀውን ጊዜ ኮምፒውተር አያሳጥረውም።

ተገኘ ከተባለ በኋላ ለምን ይህን ያህል ዓመት ይፈጃል?

ከ10 እስከ 15 ዓመት የተለመደ ነው። ፔኒሲሊንን እንመልከት። ፍሌሚንግ መድኃኒቱን ከሻጋታው አጣርቶ ማውጣት ስላቃተው ነገሩ ብዙ ዓመት ተኛ። ኦክስፎርድ ላይ ፍሎሪ እና ቼይን የሚባሉ ተመራማሪዎች አንስተውት በ1941 ለአንድ ፖሊስ ሰጡት። ሰውየው ፊቱ ሁሉ በመግል ተወሮ ነበር፤ አንድ ዓይኑንም አጥቷል። መርፌው ሲጀመር ትኩሳቱ ወረደ፣ እህል መቅመስ ጀመረ። ከዚያ መድኃኒቱ አለቀ። ከሽንቱ ሳይቀር እያጣሩ መልሰው ወጉት። አልበቃም፤ ሞተ። መድኃኒቱ እንደሚሠራ ሁሉም በዓይኑ አይቷል፣ ግን አንድ ሰው የሚያድን ያህል እንኳን አልነበረም። ዛሬም ቢሆን በብልቃጥ የሠሩትን ነገር በቶን፣ ያውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ ማምረት ራሱን የቻለ የዓመታት ሥራ ነው።

ሌላው ምክንያት ታሊዶማይድ ነው። በ1957 ጀርመን አገር ገበያ ላይ ወጣ። እንቅልፍ ያመጣል፣ ለነፍሰ ጡር ማቅለሽለሽም ይሆናል ተባለ። በ1961 እስኪታገድ ድረስ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። አሜሪካ በብዛት ያመለጠችው ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባል የመድኃኒት ቁጥጥር ሠራተኛ ማስረጃው አልበቃኝም ብላ ፋይሉን ይዛ ስለቀረች ነው። ካምፓኒው ወተወተ፣ እሷ እምቢ አለች። ዛሬ ቢሮክራሲ እያልን የምናማርረው ወረቀት ብዙው የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው።

አይጥ ላይ ሠራ ሲባል ለእኔ ምን ማለት ነው?

ለጊዜው ምንም። በስልክ የሚመጣልኝ ዜና ሁሉ "የካንሰር መድኃኒት ተገኘ" ይላል። ወደ ውስጥ ገባ ብዬ ሳነበው ግማሹ አይጥ ነው። አይጧ በሽታው በሰው እጅ የተሰጣት፣ ዕድሜዋ የታወቀ፣ አንድ ዓይነት ምግብ የምትበላ፣ ደም ግፊት የሌለባት ናት። እርስዎ ደግሞ ስኳርም አለብዎት፣ ጨጓራም አለብዎት፣ ሁዳዴም ይጾማሉ።

እንስሳ ላይ የሚሞከረው መርዝነቱን ለማየትና ሰው ላይ ከምን ያህል መጠን መጀመር እንደሚቻል ለመገመት ነው። ግምቱም ይስታል። በ2006 ለንደን ውስጥ ቲጂኤን1412 የሚባል መድኃኒት ለስድስት ጤነኛ ወጣቶች ተሰጠ። የተሰጣቸው መጠን በእንስሳ ላይ ምንም ካላደረገው 500 ጊዜ ያነሰ ነበር። በሰዓታት ውስጥ ስድስቱም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ደግነቱ ሁሉም ከሞት ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ አንድ መድኃኒት መጀመሪያ ሰው ላይ ሲሞከር ለሁሉም በአንዴ አይሰጥም፤ አንዱ ተሰጥቶት ይጠበቃል፣ ከዚያ ቀጣዩ።

ሰው ላይ የሚሞከረው እንዴት ነው? ፌዝ ዋን፣ ፌዝ ቱ የሚሉት ምንድን ነው?

ፌዝ ዋን ላይ ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 100፣ አብዛኞቹም ጤነኞች። የሚጠየቀው "ያድናል ወይ?" ሳይሆን "ይጎዳል ወይ? ስንት ሰዓት ደም ውስጥ ይቆያል?" ነው። ፌዝ ቱ ላይ በሽታው ያለባቸው ይገባሉ፣ እስከ ጥቂት መቶ። ፌዝ ስሪ ላይ ከመቶዎች እስከ ሺዎች ሰው፣ ብዙ ሆስፒታል፣ ብዙ አገር። አዲሱ ከነባሩ ሕክምና ጋር ጎን ለጎን ይወዳደራል። ፌዝ ፎር የሚባለው መድኃኒቱ ተፈቅዶ እኔ መደርደሪያ ላይ ከደረሰ በኋላ ያለው ክትትል ነው፤ ከአሥር ሺህ ሰው አንዱን ብቻ የሚጎዳ ነገር የሚታየው ያኔ ነው። ስለዚህ አዲስ መድኃኒት ወስደው ያልጠበቁት ነገር ከገጠመዎት ለሐኪምዎ ወይም ለፋርማሲስትዎ ይንገሩ። "እኔን ብቻ ነው" ብለው ዝም አይበሉ።

ሰው ላይ መሞከር ከጀመሩት ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ መንገድ ላይ ይቀራሉ። የሚበዙት የሚወድቁት ፌዝ ቱ ላይ ነው። መርዝ ሆነው ሳይሆን ዝም ብለው ስለማይሠሩ።

ለግማሹ ሰው ባዶ ክኒን መስጠት ማታለል አይደለም?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ ተቆጥቶ ነው። ልክ ነው፣ ሲሰሙት ያስቆጣል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ምች ሲመታን ዳማከሴ እንጨምቃለን፣ ላብ ላብ ብሎን እንተኛለን፣ በማግስቱ ይሻለናል። ያዳነን ዳማከሴው ነው? እንቅልፉ ነው? ወይስ ምቹ ራሱ የሚሄድበት ቀን ደርሶ ነው? ጨምቀው የጠጡትንና ያልጠጡትን ጎን ለጎን ካላስቀመጥን በቀር ማንም አያውቅም። ባዶው ክኒን፣ ማለትም ፕላሴቦ፣ ለዚህ ነው። ማን ምን እንደደረሰው ሐኪሙም ታማሚውም አያውቁም፤ ሐኪሙ ካወቀ ሳያስበው አዲሱን የወሰደውን በሌላ ዓይን ያየዋልና።

ማታለል የሚሆነው ሳይነገር ሲቀር ነው። ገቢው ሰው ባዶው ሊደርሰው እንደሚችል አስቀድሞ ይነገረዋል፣ ይፈርማል። ደግሞም በሽታው የታወቀ መድኃኒት ካለው ብዙውን ጊዜ ባዶ አይሰጥም። ለምሳሌ የቲቢ ታማሚን ባዶ ክኒን አስይዞ ወደ ቤት መላክ ወንጀል ነው። የሚወዳደረው ነባሩ ከአዲሱ ጋር ነው።

የማወዳደርን ጥቅም በኮቪድ ጊዜ አይተነዋል። በ2020 መስኮቴ ላይ ሰው ተሰልፎ "ክሎሮኪን አለ?" ይል ነበር። ቀን ሙሉ "የለም፣ ቢኖርም ያለ ማዘዣ አልሸጥም" ስል ዋልኩ። ስድብም ጠጥቻለሁ። እንግሊዝ አገር በሺዎች የሚቆጠሩ ታማሚዎችን በዕጣ እየመደቡ ሲያወዳድሩ የክሎሮኪን የቅርብ ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሆስፒታል ለተኙት ምንም አልጠቀመም። ዴክሳሜታሶን ግን፣ ያ ሁላችንም ዴክሳ የምንለው ርካሽ መድኃኒት፣ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት የሚሞቱትን በሲሶ ቀነሰ። ማንም ተሰልፎ ያልጠየቀውን ማለት ነው።

እዚህ አገር የሚሞከር አዲስ ሕክምና አለ? ወይስ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው?

አለ፣ ቅርብም ነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምናው 20 ወር ይፈጅ ነበር። ከዚያ ውስጥ ወራቱን በየቀኑ መርፌ፤ መርፌው ደግሞ የስንቱን ጆሮ እንዳደነቆረ የቤቱ ሰው ያውቀዋል። በ2012 ስትሪም የሚባል ጥናት ተጀመረ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና ዘነበወርቅ አለርት ግቢ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተሳትፈውበታል። ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጀው ሕክምና ከ20 ወሩ ጋር ተወዳደረ። ውጤቱ በ2019 ወጣ፤ በአጭሩ ሕክምና ወደ 79 በመቶ፣ በረጅሙ ወደ 80 በመቶ የሚሆኑት ጥሩ ውጤት አገኙ። እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ በግማሽ ጊዜ። ቀጣዩ ዙር መርፌውን አስቀርቶ ቤዳኪሊን የሚባለውን ክኒን አስገባ፤ በ2022 የወጣው ውጤት ከመርፌው የተሻለ ሆነ። ዛሬ ያለ መርፌ የሚታከመው ሰው ያኔ ፈርመው የገቡት ታማሚዎች ያፈሩትን ፍሬ እየበላ ነው።

ሌላም አለ። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ለሚተላለፈው ካላ አዛር ሕክምና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዓመታት የለፋበት ሥራ አለ። የወባ ትኩሳት ደጋግሞ እንዳይመለስ በአንድ ጊዜ የሚዋጠው ታፈኖኪን ሲፈተንም ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ታማሚዎች ነበሩበት። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው ሲዲቲ አፍሪካ የሚባለው ማዕከል ደግሞ መድኃኒት መፈለግንና ክሊኒካል ሙከራን የሚያውቁ ሰዎችን ያሠለጥናል። ከፋርማሲዬ በር ላይ ሆኜ ግቢው ይታየኛል፣ ግን ደንበኞቼ "እዚያ ምርምር አለ እንዴ?" ይሉኛል።

ፈረንጅ ላይ ተሞክሮ ያለፈ መድኃኒት ለምን እኛ ላይ እንደገና ይሞከራል? ሰው ሰው አይደለም ወይ?

ሰው ሰው ነው፣ ጉበቱ ግን ይለያያል። ምሳሌው ኮዴይን ነው፣ ለሕመም ማስታገሻና ለሳል የሚሰጠው። ኮዴይን በራሱ ብዙም አይሠራም። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል። አንዳንድ ሰው ይህን ኢንዛይም የሚያዘው ዘረ መል ተባዝቶበት ይወለዳል፤ ኮዴይኑ በፍጥነትና በብዛት ሞርፊን ይሆንበታል። በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት ካዩዋቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህ የተባዛ ዘረ መል ነበራቸው። ስዊድን ውስጥ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። እስቲ አስቡት፣ ስቶክሆልም ላይ ተፈትኖ "ልክ መጠኑ ይህ ነው" የተባለ ክኒን አራት ኪሎ ላይ ለአንዱ ይበዛበታል። በዚሁ ኢንዛይም የሚሰባበሩ ሌሎች መድኃኒቶች ደግሞ በተቃራኒው ሳይሠሩ ከሰውነቱ ይወጡበታል።

ታፈኖኪንም እንዲሁ ነው። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው ከዋጠው ቀይ የደም ሕዋሱ ይፈርስበታል፣ ስለዚህ አስቀድሞ ምርመራ ይደረጋል። ማን ላይ እንደሚያንስ በየአገሩና በየአካባቢው ይለያያል። የተመረመርነው እኛ ካልሆንን መጠኑ የተለካው በሌላ ሰው ልክ ነው።

እሺ፣ ታዲያ እኛን መሞከሪያ አላደረጉንም?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅን ሰው አላዋቂ ነው ብሎ የሚያጣጥል ባለሙያ አልወድም። ታሪኩ አለ። አሜሪካ ውስጥ ተስኪጊ ላይ ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር ገበሬዎች "እያከምናችሁ ነው" ብለው የበሽታውን አካሄድ ብቻ ሲያዩ ኖሩ። ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ከታወቀም በኋላ አልሰጧቸውም። በ1996 ደግሞ ናይጄሪያ ካኖ ላይ በማጅራት ገትር ወረርሽኝ መሀል በሕፃናት ላይ የተደረገ ሙከራ ዓመታት የፈጀ ክስ አስከትሏል፤ ጥያቄውም ወላጆቹ በትክክል ተነግሯቸው ነው ወይ የሚል ነበር።

አሁን ያለው ሥርዓት ከዚያ የተማረ ነው። እዚህ አገር የመድኃኒት ሙከራ ለማድረግ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ማጽደቅ አለባቸው፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ይፈቅዳል። ስምምነቱ ተሳታፊው በሚገባው ቋንቋ ይነበባል። ማንበብ የማይችል ከሆነ ገለልተኛ ምስክር ባለበት ነው። ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ እንደተጻፈው ይሠራል አልልም፤ የሚሠራው ተሳታፊው ሲጠይቅ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ መሞከሪያ መሆናችን ሳይሆን መረሳታችን ነው። ካላ አዛር የያዘው የቀን ሠራተኛ ገንዘብ ስለሌለው ማንም ትልቅ ካምፓኒ ቀድሞ አያስበውም። ለዚህ ነው በ2003 ዲኤንዲአይ የሚባል ትርፍ የማይሻ ድርጅት ለተረሱ በሽታዎች መድኃኒት እፈልጋለሁ ብሎ የተቋቋመው።

የባህል መድኃኒታችን ለምን አይመረመርም? እንዶድ ምን ሆነ?

ይመረመራል። የሚከብደው መጨረስ ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሲያጠና ሴቶቹ በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አየ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ነው። እናቶቻችን ስንት ዘመን ነጠላ ያነጡበት ፍሬ! የውጭ ተቋማት ግን ከላይ ያወራሁትን ዓይነት የመርዝነት ምርመራ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሠርቶ እናያለን አሉ። ለዚያ የሚሆን ላብራቶሪም ገንዘብም እዚህ አልነበረም። ዓመታት ተቆጠሩ። በዚህ መሀል ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ወጣና ሥራው ወደ ክኒን አዘነበለ። አክሊሉና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በአክሊሉ ስም ይጠራል።

ከቻይና ጋር ስናወዳድረው ነው የሚቆጨው። ቱ ዩዩ የምትባል ተመራማሪ ለወባ የሚሆን ነገር ፍለጋ የድሮ የሕክምና ጽሑፍ ስታገላብጥ አንድ ተክል አገኘች። ቀቅለው ሲያወጡት አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም። ከ1600 ዓመት በፊት የተጻፈው ግን ቀቅል አይልም፤ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጭመቅ ነው የሚለው። ሙቀቱ ነው የሚገድለው ብላ በቀዝቃዛ መንገድ አወጣችው፣ በ1971 እንስሳ ላይ ሠራ። በእኛ ጤና ጣቢያ ሁሉ ያለው ኮአርተም ውስጥ ያለው አንዱ መድኃኒት የዚያ ዘር ነው። ኖቤሉን በ2015 ወሰደች። ከኋላዋ ግን በ1967 የጀመረ የመንግሥት ፕሮጀክት ነበር። አክሊሉ ያ አልነበረውም። (አሪቲ ቤታችን አለ ለምትሉኝ፦ አሪቲ የዚያች ተክል ዘመድ ናት እንጂ እሷ አይደለችም። ወባ ከያዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ።)

ደግሞ ባህላዊ ስለሆነ አይጎዳም ማለት አይደለም። ኮሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ድረስ ሄዶ በመድኃኒት መዝገባቸው ገብቶ ነበር። ግን መጠኑ ሲበዛ ዓይን ላይ ሳይቀር ጉዳት ያመጣል። የአያቴ ልኬት "በጣሳ እስከዚህ" ነበር፣ በጣቷ እያሳየች። ጣሳው የቱ? ጣቱ የማን?

ካምፓኒዎቹ ፈውሱን አግኝተው ደብቀውት ነው አይደል?

ታክሲ ውስጥ በየሳምንቱ የምሰማው ነው። እኔ ግን ተቃራኒውን ነው ያየሁት። የጉበት ቫይረስ ሲን የሚያድነው ሶፎስቡቪር በ2013 ሲፈቀድ አልደበቁትም። አሜሪካ ውስጥ አንዱን ክኒን 1,000 ዶላር፣ የ12 ሳምንቱን 84,000 ዶላር ሸጡት። ፈውስ ያገኘ ነጋዴ አይደብቅም፣ ያስከፍላል። ካንሰር ደግሞ አንድ በሽታ አይደለም፤ በመቶ የሚቆጠር ዓይነት ስላለው "መድኃኒቱ" የሚባል አንድ ነገር ሊደበቅም አይችልም።

የሚደበቅ ነገር ግን አለ። ያልተሳካ ሙከራ ውጤት። አሥር ጥናት ተሠርቶ ጥሩ የሆኑት ሁለቱ ብቻ ቢታተሙ ሐኪሙም እኔም እንሳሳታለን። አሁን ሙከራ ሲጀመር አስቀድሞ በግልጽ መዝገብ እንዲመዘገብ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ቁጣችሁን ወደዚያ ብታደርጉት ይጠቅማል።

ታዲያ ሲወጣ ለምን እሳት ሆኖ ይወጣል? መቼ ይረክሳል?

ፓተንት ነው፣ ማለትም ያገኘው ካምፓኒ ብቻውን የመሸጥ መብት። 20 ዓመት ይሰጣል፣ ከዚያ ላይ ግማሽ ያህሉን ሙከራው ይበላዋል። በቀረው ጊዜ ካምፓኒው የራሱን ወጪና የወደቁትን የዘጠኙን ወጪ፣ የማስታወቂያውንም፣ የባለአክሲዮኑንም ትርፍ ይሰበስባል። አንድ መድኃኒት ለማውጣት የሚነገረው ወጪ ራሱ ያጨቃጭቃል። በ2020 የታተመ አንድ ስሌት መካከለኛውን ወደ 985 ሚሊዮን ዶላር አድርሶታል፤ ሌሎች ከ2 ቢሊዮን በላይ ይላሉ። ማን እንደቆጠረው ይለያያል።

ፓተንቱ ሲያልቅ ወይም ፈቃድ ሲሰጥ ሌሎች ያመርቱታል። ጄኔሪክ የምንለው ያ ነው። "የህንድ ነው፣ የጀርመኑን ስጠኝ" የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ጄኔሪክ ደም ውስጥ የሚደርሰው መጠን ከዋናው ጋር መመሳሰሉ ተፈትኖ ነው የሚመዘገበው። ዋናው ጥያቄ ተመዝግቧል ወይ የሚለው ነው። ከየት አገር መጣ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።

አዲስ መድኃኒት ወጣ ሲባል ከውጭ በሰው ላስመጣ?

ተፈቅዶ ከሆነና ሐኪምዎ ካዘዘው መንገዱን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ። በቴሌግራም የሚሸጥ ከሆነ ግን ይቅርብዎ። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛዬ የማቅጠኛ መርፌ በዘመድ ሻንጣ አስመጥቶ መጣ። ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ነው። ሻንጣው ዱባይ ላይ አንድ ቀን ውሎ ነበር። ከፍቼ ሳየው ጽሑፉ የተሳሳተ ፊደል አለው፣ የምርት ቁጥሩም ካርቶኑ ላይና ብልቃጡ ላይ አይገጥምም። "ታዲያ ልጣለው? 40,000 ብር እኮ ነው!" አለኝ። ምን ልበለው። እዚሁ ፊት ለፊቴ ካርቶኑን አጣጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው፣ እስካሁን ይወጋው አይወጋው አላውቅም።

ከዚህ የከፋው የያዙትን መድኃኒት ማቆም ነው። "አዲሱ እስኪመጣ" ብለው ኢንሱሊን ያቆሙ ሰው አውቃለሁ። በአራተኛው ቀን ድንገተኛ ክፍል ገቡ። አዲሱ ቢመጣም ባይመጣም የዛሬውን ዛሬ ይውሰዱ።

ሆስፒታል "ጥናት ውስጥ ይግቡ" ብለውኛል። ልግባ?

ግቡም አትግቡም አልልም። ፎርሙን ወደ ቤት ይዤ ልሂድ በሉ፤ ለማሰብ ጊዜ የማይሰጥ ጥናት ካጋጠማችሁ እሱ ራሱ መልስ ነው። ከዚያ ጠይቁ። መድኃኒቱን ከእኔ በፊት ማን ወስዶታል፣ አይጥ ነው ወይስ ሰው? ካልገባሁ የማገኘው ሕክምና ምንድን ነው? ከተጎዳሁ ማን ያሳክመኛል? ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱ ጠቅሞኝ ከሆነ ይቀጥልልኛል ወይ? ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው።

ባለፈው አንዲት እናት ፎርሙን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። "ዶክተር፣ አንብብልኝ" አሉኝ። (ፋርማሲስት ነኝ ብል አይሰሙኝም፣ ትቼዋለሁ።) ስድስት ገጽ ነው። ወንበር አወጣሁላቸውና በየመስመሩ አነበብኩላቸው፣ ከኋላቸው ሰልፉ እያጉረመረመ። "በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ" የሚለው ላይ ስደርስ በእጃቸው አስቆሙኝ። "ካቋረጥኩስ የድሮውን መድኃኒቴን ይከለክሉኛል?" ቀጣዩ መስመር አይከለከሉም ይላል። እሱን ሁለቴ አስነበቡኝ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለው መስመሩ ያለበትን ቦታ በጥፍራቸው ምልክት አደረጉበት፣ ሲጠይቋቸው ለማሳየት።